ጥርስ ልሥራ ወይስ ልማር

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ያኔ በኬንያ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እስኪረግጥ ከዓመት በላይ ቤቱ ይቀመጣል። እኔም ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የናይጄሪያ ፊልም እያየሁ እውላለሁ። እናቴ ስትጠርግ እግሬን አንሺ አትለኝም። በመጥረጊያው ጠርጋኝ ታልፋለች።

አባቴ የሚሠራው አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራው ሌሎች ሰዎች ያሰቡት ፕሮጀክት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ መመዘን ስለሆነ ቤትም ሲመጣ ሚዛኑን አያስቀምጥም። ፍሪጅ ልንገዛ ስንል አጥንቶ አጥንቶ በመጨረሻ ይሄ ይሻላል ያለው ዓይነት ከገበያ ጠፍቶ ተገኘ። ስለ እኔ የወደፊት ዕጣም በዚያው ፍጥነት እያሰበ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጋሼ የምንላቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ኖረው፣ እዚያው ሙያውን ተምረው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ናይሮቢ የገቡ ሰው። አማርኛቸው ከዚያ ሲወጡ በነበረበት ቆሞ የቀረ ስለሆነ ማንንም ሰው «ጌታዬ» እና «እሜቴ» ነው የሚሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ካርታ ይጫወታሉ። የዚያን ቀን ግን ካርታ አልያዙም። ክራቫት አስረው፣ ፀጉራቸውን በቅባት ወደኋላ አስተኝተው፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ነው የመጡት።

እናቴ ሁለት ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ስታይ ጭማቂ ልትቀዳ ወደ ወጥ ቤት ገባችና እኔን ጎትታ «ፀጉርሽን ያዝ አድርጊው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ጥርስ ሠሪው ተነሥተው ቆሙ።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ እሜቴ፣ የመጣሁት ልጃችሁን እንድትሰጡኝ ለመለመን ነው» አሉ።

እናቴ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባቴ መነጽሩን አውልቆ «ለማን?» አለ።

«ለእኔ ነዋ። ለማን ይሆናል?»

ወንድሜ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። እናቴ በጣም በተጠነቀቀ ድምፅ «ጋሼ፣ መከበርዎ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ እኮ አያቷ ይሆናሉ» አለች።

«እሱማ ደግ ነው። እንደ ልጅ ልጄ ነው የማስተምራት።»

«ምኑን ነው የሚያስተምሯት?»

«ጥርስ» አሉ። እኛ ቤት ከገቡ ጀምሮ ያልተረዳቸው ሰው እንዳለ የጠረጠሩት ያኔ ይመስለኛል፤ ሁላችንንም በየተራ አዩን። «እጇን አይቼዋለሁ። ባለፈው ካርታ ስታደባልቅ። እንደሷ ዓይነት እጅ ሶፋ ላይ መበላሸት የለበትም። በእኛ ጊዜ ልጅ ለሙያ ሲጠየቅ በሽማግሌ ነበር፤ በስልክ አይጠየቅም።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እየሳቀች እንደሆነ ያወቅነው ትከሻዋን አይተን ነው። አባቴ መነጽሩን መልሶ አደረገና «ይጠና» አለ።

ተጠና። ማታ ማታ እራት ላይ አባቴ የተለማማጅነትን ጥቅምና ጉዳት ይተነትናል። ጥሩ ጎኑ፣ የሰው ጥርስ መውለቁን አያቆምም፤ ጦርነትም ሆነ ሰላም ቢመጣ ሰው ማኘክ ይፈልጋል። መጥፎ ጎኑ፣ ዲግሪ የለውም። ጋሼ ነገ ሥራ ቢያቆሙ አስተማሩኝ ብዬ የማሳየው ነገር አይኖረኝም። ደግሞስ ሰው ልጃችሁ ምን ተማረች ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል?

«ጥርስ ላይ ናት እንላለን» አለች እናቴ።

ወንድሜ ኬንያ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ላይ የሚወርድ። «አባ፣ ሲሪየስሊ፣ እቤት ከምትቀመጥ ኢት ኢዝ ፋይን» አለ። አባቴ በአማርኛ አስተካክሎ እንዲደግመው አደረገው።

ነገሩን የፈታው ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር የሚኖር የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ምሳ ላይ ሲያማክረው ሰውየው በመገረም «ታዲያ ይሄ እኮ ኢንተርንሺፕ ነው። የኔም ልጅ እየሠራ ነው» አለው። አባቴ የዚያን ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ነገሩ አንዲት ጠጠር እንኳ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ተለውጦ ክቡር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ «ዌስትላንድስ ኢንተርንሺፕ ይዛለች» ይላል። ምን መሥሪያ ቤት ብሎ የሚጠይቀው ከመጣ ርዕስ ይለውጣል።

የጋሼ ሥራ ቤት ዌስትላንድስ የሚባለው የንግድ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ ልክ ያነሣና ወደ እኛ ይልካል፤ እኛ በጄሶ ቅርጹን እናወጣለን፣ በሰም እንሞክራለን፣ ከዚያ ሰው ሠራሹን ጥርስ እንሠራለን። «እኛ» ስል ጋሼ ማለቴ ነው። እኔ ለብዙ ጊዜ ጄሶ ብቻ ነበር የማቦካው። የመጀመሪያው ሳህኑ ውስጥ ደረቀ። ሁለተኛው እንዳይደርቅ ብዬ ቶሎ ሳፈሰው የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ደረቀና እሱ እስኪነቀል ሐኪም ቤቱ በሙሉ ውሃ ተዘጋበት።

የጋሼ የማስተማር ዘዴ አንድ ቃል ነው፤ «ተመልከቺ» ይላሉ። ከዚያ መብራቱ ወዳለበት ዞረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሠራሉ። እኔ የማየው ኮታቸውን ነው። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ስጠይቃቸው «እንዲህ ስለሚደረግ ነው፣ ጓለይ» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው በትግርኛ። የኮታቸውን ስፌት እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የተለማማጅነትን ነገር የሚያሞግስ ሰው ሲያጋጥመኝ ያ ጀርባ ትዝ ይለኛል።

ግን አንድ ነገር ሳላውቀው እየገባኝ ነበር። ጄሶው ሲደርስ በማንኪያው ድምፅ መለየት ጀመርኩ። ከዚያ የባሰው፣ ሰው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አፉ ላይ ይተከላል። ያኔ ማታቱ የሚባሉት የናይሮቢ ታክሲ ሚኒባሶች ቢጫ መስመር ተቀብተው ተሳፋሪው ቀበቶ እንዲያስር የታዘዘበት ሰሞን ነው። አንድ ቀን ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ አፍጥጬ ሳየው «ሲስታ፣ ወደድሽኝ እንዴ?» አለኝ በስዋሂሊ። እኔም በሙሉ ቅንነት «አይደለም፣ የላይኛው ጥርስህ ዞሯል» አልኩት። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

እንዲህ እየዋልኩ ሳለ ጋሼ ለዘመድ ሠርግ ሞምባሳ ሄዱና ሥራ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። እስከዚያ ድረስ ከጄሶ አልፌ የተሰበረ መጠገን ስለለመድኩ ቀላል ቀላሉን እንድይዝ ነገሩኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አባቴ በመሐረብ አፉን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼሽ የሉም?» አለ። እዚህ ጥያቄ ውስጥ «ስ» ስለሌለች ምንም አላስተዋልኩም፤ ቀጥሎ ግን «ስ» በመጣች ቁጥር በሆነ ቀዳዳ ሾልካ «ሽ» ሆና ወጣች። «ሽኞ ነው የሚመጡት? ነገ ሽብሸባ አለብኝ።»

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

መሐረቡን ከፈተልኝ። ውስጡ ሁለት የፊት ጥርሶች የተተከሉበት ከመሀሉ የተሰነጠቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። ቢሮ ውስጥ ቆሎ ሲበላ ነው የተሰበረው። አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለው በሕይወቴ አላውቅም ነበር። ጥርሱን ገልብጬ ሳየው አሠራሩ የጋሼ ነው፤ የትም ባየው አልስተውም። ከጋሼ ጋር የተዋወቁት በካርታ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሁሉ እራት ላይ ሙያው ያዋጣል አያዋጣም ሲባል፣ ክርክሩ የሚታኘከው በዚያው ሙያ ኖሯል።

«እናትሽ ታውቃለች» አለ። «ወንድምሽ አያውቅም። አይወቅ።»

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ አለቆች ፊት በማግሥቱ ጠዋት የሚያቀርበው ጥናት ነበረው። ሌላ ቦታ ለመውሰድ ጊዜ የለም። ወንበር ሰጥቼው ሥራ ጀመርኩ። ስብራቱን ገጥሜ በጄሶ ያዝኩት፣ ስንጥቁን ሞረድኩ፣ የፕላስቲኩን ዱቄትና ፈሳሽ ቀላቅዬ ሞላሁ። አባቴ ሥራ ሲመዝን እንደሚያደርገው እጁን አጣምሮ ያየኛል። ጀርባዬን አልሰጠሁትም። «ይሄ ምንድነው? ይሄስ ለምንድነው?» ይላል፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ፣ የማላውቀውን «እንዲህ ስለሚደረግ ነው» እለዋለሁ። አለስልሼ አጥቤ ሰጠሁት። አፉ ውስጥ ሲገባ ምንም አይልም፣ ያምራል።

«እስቲ ስብሰባ በል» አልኩት።

«ስብሰባ» አለ። ከቃሉ ጋር ቀጭን ፉጨት ወጣች።

እንደገና አለ፣ እንደገና አፏጨ። ተያየን።

«ግድ የለም» አለ አባቴ፤ «የማቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።»

እንግሊዝኛ ውስጥ ስንት «ስ» እንዳለ ሁለታችንም በዚያች ሰዓት አላሰብንም። የእሱ ሥራ ደግሞ ሳስተይነቢሊቲ እና አሴስመንት ካልተባለ አይጀመርም። በማግሥቱ እራት ላይ ራሱ ነገረን። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ አንዲት ሴትዮ ተነሥታ መስኮት ዘጋች። ቀጥሎ አየር ማቀዝቀዣው ጠፋ። የአዳራሹ ኃላፊ ተጠርቶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቃቅሎ እንደገና ሰካ። አንደኛው አለቃ ግን ከፊት ተቀምጦ ስለነበር ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ አውቋል፤ ሻይ ላይ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ የራሱም ጥርስ እንዲሁ እንደነበረ ነገረውና የጋሼን አድራሻ ጠየቀው። ወንድሜ ሚስጥሩን የሰማው እንግዲህ ያን ማታ ነው። እናቴ እንባዋን እየጠረገች «ንገረን፣ ሳስተይነቢሊቲን ድገማት» ትለዋለች። ደገማት።

ጋሼ ከሞምባሳ ሲመለሱ የሠራሁትን የአባቴን ጥርስ በማጉያ መስታወታቸው አገላብጠው አዩ። «መጥፎ አይደለም። ከኋላው አወፍረሽዋል፤ አየሩ መንገድ አጣ» አሉና ጥቂት ሞረዱት። ፉጨቱ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ግን ወደ መብራቱ አልዞሩም፤ ክንዳቸውን ገለጥ አድርገው የት ጋ እንደሚሞረድ አሳዩኝ። ምናልባት ወገባቸውን ስላመማቸው ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲው ምደባ የወጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የደረሰኝ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ነበር፤ በምርጫዬ ውስጥ ያልነበረ። አባቴ እንደለመደው ጥቅሙንና ጉዳቱን መዘርዘር ጀምሮ መሀል ላይ ቆም አለና «አንቺስ?» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠና ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

ጥርስ እንደምፈልግ ነገርኩት። ግን ዕድሜ ልኬን «እንዲህ ስለሚደረግ ነው» እያልኩ መኖርም አልፈልግም፤ ለምን ያፏጫል ሲሉኝ መመለስ እፈልጋለሁ። ጥርስ ሥራን በዲፕሎማ የሚያስተምር ኮሌጅ እዚያው ናይሮቢ ነበር። አባቴ ለአንድ ጊዜ «ይጠና» ሳይል «ሂጂ» አለ።

ጋሼ ሲሰሙ አኮረፉ። «ትምህርት ቤት ጥርስ ያስተምራል?» ብለው ለሰሞኑ ያናገሩኝ በጉሮሮ ማጥራት ብቻ ነው። ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ግን ቅዳሜ ሥራ ቤታቸው ስሄድ «ደግሞ ምን አሏችሁ?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። «ስሕተት ነው» ይላሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ያንኑ ስሕተት እየሞከሩት አገኛቸዋለሁ።

ኮሌጅ ውስጥ በእጅ ሥራ ማንም አልቀደመኝም። የሰም መቅረጫ ቢላ አያያዜ ግን ፍጹም የተሳሳተ ነው ተባለ፤ ለማስተካከል አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ። ኬሚስትሪ ላይ ደግሞ ወደቅሁ። ለድጋሚው ፈተና ያዘጋጀኝ ከዚያ በፊት ኬሚስትሪ ተምሮ የማያውቀው አባቴ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ለአለቆች ጥናት በሚያቀርብበት ድምፅ የጥርሱ ፕላስቲክ፣ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት፣ እንዴት እንደሚጠጥር ያነብልኛል፤ ካልገባው ወደፊት አያልፍም፤ እስኪገባው እኔ ሁለት ጊዜ ይገባኛል። አለፍኩ። ውጤቱን ስነግረው ከእኔ ይልቅ ለራሱ ደስ አለውና፣ አንዲት ጥያቄ ላይ ለምን ነጥብ እንደተቀነሰብን መምህሩን ሄደን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀረበ።