ሸርጣኑ በሕይወት ሳለ

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ ገበያ ውስጥ ዓሣ ልገዛ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ሻጩ ልጅ ከፊቴ ለነበሩት ሴትዮ "ሸርጣን የለም፤ ዘንድሮ የማጥመጃው ወቅት ገና አልተከፈተም። ሲከፈት ግን አጥማጆቹ ገበያውን በአንድ ቀን ያጥለቀልቁታል" አላቸው። እንደ ምሥራች ነበር የተናገረው። እኔ ግን ዓሣውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሸርጣን በልቼ አላውቅም። በእኛ ቤት የማይበላ ነገር ነው፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ በስልክ ስነግራት እናቴ ስታማትብ የታየችኝ ያህል ነበር። ቢሆንም በሃያ አራት ዓመቴ ከኦክላንድ አንድ ሰዓት እየተነዳ በሚደረስባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሸርጣን ትልቅና ትንሹን እየለየሁ እኖር ነበር። አሠሪዬ ሮዛ ወደቡ ላይ የዓሣ መጋዘን ያላት ባልቴት ነበረች። ጀልባዋን የሚነዳው አንድያ ልጇ ቶኒ ነበር።

ያን ዓመት ሸርጣኑ ሥጋ አልሞላም ተብሎ ወቅቱ ዘገየ። ከተማዋ ደግሞ ዓመቱን የምትኖረው በዚያች ወቅት ነው። መጀመሪያ የበረዶ ፋብሪካው ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ቀጥሎ ቁርስ ቤቱ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠ። በየደጁ የተከመረውን የብረት ወጥመድ ዝናብ ይደበድበዋል። ሰው ሰላምታ እንኳ መሰሰት ጀመረ።

ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ከቶኒ ሠራተኞች አንዱ ታመመ። ታናሽ ወንድሜ ያሬድ ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ሥራ ፈትቶ በእኔ ደመወዝ ይኖራል። አናገርኩለት። ከቶኒ ጋር ተነጋግሮ እየሳቀ ተመለሰ።

"ስዊም ታደርጋለህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።"

"አንተ፣ ላንጋኖ እንኳ ከጉልበትህ በላይ ገብተህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ጆቡ ይለፈኝ? የምሄደው ገመድ ልጎትት እንጂ ልዋኝ አይደለም። እንዳትነግሪያቸው፣ አደራ።"

አደራ ካለኝ በኋላ ምን እላለሁ? ወንድሜን በፈረንጅ ፊት ውሸታም ማድረጉም አልሆነልኝም። ዝም አልኩ።

ጀልባዎቹ በወጡበት ጠዋት ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ማዕበል እንደሚመጣ በሬዲዮ ተነግሯል። ነገር ግን ጭነት መኪናዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ የፈረንጆቹ ገናም ደርሷል፣ እኔ ልቅር ያለ ሰው አልነበረም። ወፎቹ ውሃውን ትተው መኪና ማቆሚያው ላይ ሰፍረዋል። ሮዛ በሩ ላይ ቆማ "ይሄ ዝምታ አልጣመኝም" አለች። ያሬድ በሰው ቢጫ ካፖርት ውስጥ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል። ቶኒ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። አሁንም መናገር እችል ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የመጋዘኑን ቆርቆሮ እየገነጠለ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። የእኛ መጨረሻ ገባች። መሪውን የያዘው ቶኒ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚሠራው ሽማግሌ ነበር። ያሬድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ሮዛን ቀና ብሎ ሳያይ ነገራት። ገመድ ያሬድን ጠልፎ ጣለው፤ ቶኒ ዘሎ ገባለት፤ ያሬድ ወደ ጀልባው እስኪሳብ ድረስም ከሥር ደግፎ ያዘው። ቀጥሎ የመጣው ማዕበል ቶኒን ወሰደው።

ሮዛ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ተጠጋች። ልጇን ሊፈልግ የወጣው ሄሊኮፕተር በላያችን አለፈ። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ሆድ ተመለከተች፤ እስከ አፉ ሸርጣን ሞልቶታል። የሞተ ሸርጣን አይሸጥም፤ ከተማው በሙሉ ሲጠብቅ የከረመው ደግሞ ይሄንኑ ነው።

"በሕይወት ናቸው፤ አውርዷቸው" አለች።

እስከ መጨረሻው ሳጥን ድረስ አጠገቤ ቆማ ስትለይ አመሸች። እኔ ወንድሜ በመትረፉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ።

ቶኒ አልተገኘም። ከወር በኋላ ሮዛ ቡና ቤት ወስዳ አስቀመጠችኝና "ወንድምሽ ለቶኒ እዋኛለሁ ብሎት ነበር። እንደማይችል አንቺ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"ይቅርታ፣ መጠየቅ አልነበረብኝም" ብላ እጄን ያዘች።

ሮዛ ካረፈች ቆየች። ያሬድ ሳክራሜንቶ ልጆች አሳድጓል፤ ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም። ዘመኔን ሁሉ አደራ ጠብቄ ነው፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እያልኩ ኖርኩ። ቅዳሜ ዕለት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ ሥራው እንዳያመልጠው ከእሱ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ሮዛ እጄን ባትይዘኝ ኖሮ እውነቱን እነግራት ነበር እላለሁ። እሱም ውሸት ነው።