ከዋንዛው ሥር የነበረው ኮረሪማ

ልጅ ሳለሁ ተረት ከኮረሪማ ጋር አብሮ የሚበቅል ነገር ይመስለኝ ነበር። በሌላው ቤት በምን ጊዜ እንደሚወራ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን ክረምቱ ወጥቶ የኮረሪማው ፍሬ ሲቀላ፣ እማሆይ ቅርጫታቸውን ሞልተው ከጓሮ ሲመለሱ ነበር የሚጀመረው። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ተረቱም ያልቃል። ያለቀው መሐሉ ላይ ይሁን መጨረሻው ላይ እማሆይ ግድ አልነበራቸውም።

እማሆይ የአባቴ አክስት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ልጅ ስላልነበራቸው መሬቱን የባላቸው ዘመዶች ያዙት፤ እሳቸው ከዚያ ቤት ይዘውት የወጡት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የኮረሪማ ሥር ብቻ ነበር ይባላል። ቆብ ደፍተው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው የገጠር ቤታችን ሲገቡ አባቴ ከጓሮ ጎጆ ቀለሰላቸው፤ እሳቸውም ሥሩን ከጎጆው ጀርባ፣ ከትልቁ ዋንዛ ጥላ ተከሉት። እኔ ነፍስ ሳውቅ የዋንዛው ሥር በሙሉ ኮረሪማ ሆኖ ነበር።

ኮረሪማን በድስት እንጂ በጓሮ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ቁመቱ ከአባቴ ይበልጥ ነበር፤ ቅጠሉ እንደ በቆሎ ቅጠል ረዘም ብሎ ያብለጨልጫል፣ ሲያሹት ደግሞ እጅ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። ይህን ሁሉ ቁመት ይዞ አበባውን ግን ከላይ ቢፈልጉት አይገኝም። የሚያብበው ከታች፣ ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ፣ ከረገፈው የዋንዛ ቅጠል ሥር ተደብቆ ነው። ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። እማሆይ በየማለዳው ጸሎታቸውን ሲጨርሱ በጉልበታቸው ገብተው ቅጠሉን በጣታቸው ገለጥ ያደርጉና ወይን ጠጅ የነካካው ነጭ አበባ ሲያገኙ «ወጣሽ?» ይሏታል፣ እንደ ሰው። መቆፈሪያ ከዚያ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ አረሙን በእጅ ነው የሚነቅሉት። የረገፈውን ቅጠል መጥረግም ክልክል ነው፤ እናቴ አንድ ቀን መጥረጊያ ይዛ ብትጠጋ፣ «ብርድ ልብሱን ትገፊያለሽ እንዴ?» ብለው መለሷት።

አሁን ሳስበው ያ ኮረሪማ ለሳቸው ተክል ብቻ አልነበረም። የወንድም ልጅ ቤት ያሉ፣ መሬት የሌላቸው፣ ጉልበታቸው ያለቀ ሴት ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው በገጠር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። እማሆይን ግን እንዲያ ብሎ የጠራቸው አልነበረም። የበርበሬ ቅመም በሚሰናዳበት ወቅት የመንደሩ ሴቶች በእናቴ በር አልፈው ወደሳቸው ጎጆ ይሄዱና ጎንበስ ብለው ይጠይቃሉ፤ እማሆይም ጎጆው ውስጥ ከተሰቀለው ኮረሪማ እየፈቱ ለእያንዳንዷ በእጃቸው ይሰጣሉ። ለእናቴም ይሰጣሉ። ማዕድ ላይ ሲቀመጡም ቀና ብለው ነበር የሚቀመጡት።

ያኔ መብራት ወደኛ መንደር አልደረሰም። ጎጆዋ በምድጃው ፍምና ከምሰሶው ላይ በተንጠለጠለች ኩራዝ ነበር የምትታየው፤ የኩራዟ ጥቀርሻ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ እርጥብ እንጨት ከተማገደ ደግሞ ጭሱ እኔንም ታናሽ ወንድሜንም ያስለቅሰናል፣ ግን ማናችንም ወደ ትልቁ ቤት እንሂድ አንልም ነበር። እማሆይ ፍሬውን በወስፌ ይበሱታል፤ እኛ ተቀብለን ቃጫው ላይ እንሰካዋለን። የሞላው ቃጫ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ በጭስ ይደርቃል። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይናገራል። አንድ ምሽት ጅብ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ ወደ ፍየል ቤት ሄደ አሉን። ሽማግሌዎቹም ጅቦች ናቸው። ፍየሏ በሩን ሳትከፍት፣ «ደግ ቤተሰብ እንደሆናችሁ ሰምቻለሁ፤ ልጄ ግን ገና አልወፈረችም፤ ለመስቀል ኑ» አለቻቸው። እማሆይ ጅቡን ሲሆኑ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው እንደ ትልቅ ሰው ጨዋ ያደርጉታል፣ የሚያስቀንም ያ ጨዋነቱ ነበር። ለመስቀል መጥተው ምን እንደሆኑ አልሰማንም፤ ቅርጫቱ አለቀ። ብንለምናቸው «ነገም የሚሰካ አለ» አሉን።

አባቴ የበርበሬ ገበሬ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ የሱ በርበሬ ከሌላው ተለይቶ ይታወቅ ነበር። በርበሬ ደግሞ የፀሐይ ልጅ ነው፤ ጥላ ካረፈበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ፍሬው እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ አባቴ ከማሳው አጠገብ ዛፍ ካየ ቅርንጫፉን ሳይመለምል አያድርም። በኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ አባቴም ከዚህ የተለየ ተክል አሳድጎ አያውቅም።

አንድ ዓመት ዝናቡ አጉል ሆነና ኮረሪማው ጥቂት ሰጠ። እማሆይ እስከ ግማሽ ብቻ የሞላውን ቅርጫት እያዩ፣ «ዘንድሮስ አኩርፎኛል» አሉ። ለራሳቸው ያሉት ነበር፤ አባቴ ግን ሰማ። አባቴ አክስቱን ይወዳል። ጥር ላይ እግራቸውን አሟቸው ለጠበል ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄዱ፣ እሱ ቤት ቀርቶ መጥረቢያውን መሳል ጀመረ።

እናቴ፣ «ኧረ እስኪመለሱ ቆይ። የሳቸው ነገር ነው፤ ጠይቀህ ብታደርገው ምን አለበት?» አለችው።

«ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ እንጂ» አላት። «ቁመቱን አታይውም? ይኸ ሁሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ የቀረ ፀሐይ አጥቶ እኮ ነው።»

ዋንዛው ሲወድቅ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ከጎጆው ጀርባ አይቼው የማላውቀው ብርሃን ገባ፤ እኔና ወንድሜ ደስ ብሎን በግንዱ ላይ ስንሮጥ ዋልን። አባቴ በዚህ አላበቃም። መቆፈሪያ ይዞ ገብቶ የረገፈውን ቅጠል ጠራርጎ አወጣ፣ አፈሩንም እንደ በርበሬ መደብ አለሰለሰው። ከግንዱ ደግሞ አናጢ አስጠርቶ ለእማሆይ ጎጆ አዲስ በር አሠራላቸው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለሱ ማውራት ይቀለኝ ነበር።

እማሆይ በአህያ ተጭነው የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ከአህያዋ ወርደው ከግቢው በር ላይ ቆሙና፣ «ምነው ቤቱ ወገግ አለ?» አሉ።

አባቴ እየሳቀ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። «እማሆይ፣ እንግዲህ ያኮርፍ እንደሆነ እናያለን፤ ፀሐይ እንዲያገኝልዎ ብዬ ነው» አላቸው።

ኮረሪማውን አዩት። ዳር ዳሩ ቡናማ መሆን የጀመረውን ቅጠል በጣታቸው ያዙና ለቀቁት። ከዚያም ወደ አባቴ ዞረው፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ደከምህልኝ» አሉት። አዲሱን በር ሲያሳያቸውም መረቁት። ደግ ያደረገላቸውን ሰው መመረቅ እንጂ ሌላ ነገር አያውቁም ነበር።

ከማግስቱ ጀምረው ጥላ ሊሠሩለት ተነሡ። ቅርንጫፍ እየተሸከምን ዳስ ጣልንለት፤ ቅጠሉ በሁለት ቀን ጠውልጎ ፀሐዩ ያልፋል። ከምንጭ የቀዳነውን ውኃ እናጠጣዋለን፤ እስከ ቀትር አይቆይም። በመጨረሻ እማሆይ ጋቢያቸውን አውልቀው በአራት እንጨት ላይ ወጠሩትና ራሳቸው ከውጭ ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ። እናቴ መጥታ፣ «እማሆይ፣ ይታመማሉ» ብትላቸው፣ «እኔማ የለመድሁት ነው» አሏት። አባቴ ይህን ሲያይ የተክሉ ሕይወት ጥላው እንደነበር ገባው። ከዚያ ቀን በኋላ በጓሮ በኩል ማለፍ ተወ፤ ወደ ማሳው ሲሄድ እንኳ ዞሮ ነበር የሚሄደው። መጋቢት ላይ ኮረሪማው እየነጣ መውደቅ ጀመረ። ክረምቱ ሲገባ ከሥሩ ያቆጠቆጠ ካለ ብለን ፈልገን ነበር፤ ብንቆፍር የወጣው የበሰበሰ ነው።

ጥቅምት ሲመጣ እኔና ወንድሜ እንደልማዳችን አመሻሽ ላይ ወደ ጎጆዋ ሄድን። እሳቱ ነድዷል፣ ኩራዟ በርታለች፣ እማሆይም በቦታቸው ተቀምጠዋል። ቅርጫቱ ብቻ የለም። ተቀምጠን ቆየን፤ ሲያቅተን ወንድሜ «እማሆይ፣ ተረት» አላቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

«ምን እየሰካን እናውራ፣ ልጆቼ?» አሉን።

ከዚያ ወዲያም መሄዳችንን አልተውንም፤ ያለ ወሬ ፍም ማየት ግን ልጅን ምን ያህል ያቆየዋል? እየቀነስን መጣን። በዚያው ሰሞን እናቴ ለበርበሬው የሚሆን ኮረሪማ ከገበያ ገዝታ መጣች። በነጠላዋ ሸፍና ልታስገባው ነበር፤ የኮረሪማ ሽታ ግን አይሸፈንም። እማሆይ በሩ ላይ ተቀምጠው ስለነበር አሸተቱት። ከዚያ ጀምሮ ማዕድ ላይ ሲጠሩ «ጠግቤያለሁ» ማለት አበዙ። ጎረቤት ሲመጣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጥግ ይይዛሉ። እሺ እስኪሉ ድረስ ለምኖ የሚያጎርሳቸው አባቴ ነበር፤ እሱ በለመነ ቁጥር ግን ይበልጥ የሚያንሱ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካሉት መነኮሳት ጋር ሊኖሩ ሄዱ። አባቴ እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው። «ቂም ይዘውብኝ ነው» አላቸው። «ቂምስ የለኝም፤ መርቄህ የለ እንዴ?» አሉት፤ እውነታቸውን ነበር። ቂም ቢይዙ ይሻለው ነበር፤ ታርቀው ይመለሱለት ነበራ። ያረፉት እዚያው፣ ክረምት ላይ ነው። በቀብራቸው ላይ አባቴ እንደሌሎቹ ጮክ ብሎ አላለቀሰም። ከሰልስት በኋላ ጫካ ወርዶ የዋንዛ ችግኝ አመጣና የድሮው ዋንዛ ከነበረበት ጉቶ አጠገብ ተከለው።

ዛሬ እኔ ፍኖተ ሰላም እኖራለሁ፤ በልብስ ስፌት ነው የምተዳደረው። ያ ችግኝ አድጓል፤ የአባቴ አዲሱ ዋንዛ ከጎጆዋ ፍርስራሽ በላይ ተዘርግቶ የድሮውን የሚያህል ጥላ ይሰጣል። ጥላው ካለ ብዬ ከአንዲት የዘጌ ሴት የኮረሪማ ሥር ለምኜ ወሰድሁለት። አባቴ ቦታውን ያዘጋጀው በጣቱ ነው፤ የረገፈውንም ቅጠል አልጠረገም። በቀለ፤ ቁመቱም አባቴን አለፈው። አበባ ግን የለውም። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው መንገድ ሲከፈት ጠብቄ በሄድሁ ቁጥር አባቴ ተንበርክኮ ቅጠሉን ሲገልጥ አገኘዋለሁ። ዓይኑ ስለደከመ በማየት አይደለም የሚፈልገው፤ መሬቱን በመዳፉ እየዳበሰ ነው። «ዘንድሮም የለም» ይለኛል። ተክሉ ምን እንደጎደለው የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም እኛ ነን ባዶ እጃቸውን ያስቀረናቸው።

ከእማሆይ ምሽቶች የቀረልኝ ጭሱና ድምፃቸው ነው። ተረቶቹን ለልጄ ልነግራት ስሞክር መጀመሪያቸውን አገኝና የሚቀጥለው ይጠፋብኛል፤ ወንድሜን በስልክ ብጠይቀው እሱም ከኔ የባሰ ነው። ስለዚህ ባለፈው ስንሄድ ልጄ እኔን ትታ አያቷን ያዘች። ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከጎኑ ተጠግታ ተረት ንገረኝ አለችው።

«ተረትማ የእማሆይ ነበር» አላት አባቴ። «እኔ ዛፍ ነው የቆረጥሁት።»

ልጄ የተረት መጀመሪያ መሰላት። እግሯን አጣጥፋ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ «ከዚያስ?» አለችው። አባቴ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች መጠበቋን አልተወችም።