ሳነቴ ላይ የተፈተነው ሞተር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብዕር ሳነሳ እጄ ይዘገያል። ዛሬ ግን ስለ ሞተሩ ልጻፍ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እኔ ጎባ አስተምራለሁ። እሱ ከሳነቴ ተራራ ማዶ፣ ሃረና ጫካ ውስጥ ካለች ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ተመድቧል። የጭነት መኪና ካገኘ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ካላገኘ ወሩ እንዲሁ ያልፋል። የምንመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እሁድን አብሮ መዋል።

ሮቤ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ሽማግሌ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሊሸጡ ነው ሲባል አብረን ሄድን። ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ነው።

“ወላሂ፣ ፈርዳ ነው ይሄ!” አሉ ኮርቻውን መታ መታ እያደረጉ። “ጉልበቴ እምቢ ባይለኝ መች እሸጠው ነበር።”

“ፈረስ ከሆነማ የሚታየው ዳገት ላይ ነው፣ ሐጂ” አለ ባለቤቴ።

ባሌ ውስጥ ፈረስን ሜዳ ላይ ብቻ ጋልቦ የሚገዛ ሰው መሳቂያ ነው። ዳገት ያስወጣዋል፣ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ከዚያ ነው ቃል የሚሰጠው። ሐጂም አልተቀየሙም።

“ውሰዱት፤ ካልወጣላችሁ መልሱት። ለሙሽራዋ ግን ጋቢ ደርብላት።”

ከኋላው ተፈናጠጥኩ። የሮቤን ሜዳ በስንዴው መሃል በረርንበት። ጎባን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ግን ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ብቅ ብቅ ሲሉ ተንተፋተፈና ቆመ።

ባለቤቴ ደጋግሞ ረገጠው፤ አልነሳ አለ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

“ሳነቴን ካልወጣ ለእኛ ምን ያደርግልናል?” አለ። እንዲያ ተስፋ ቆርጦ አይቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ስለ ሞተር የማውቀው አልነበረም። “ቆይ፣ ይሄ ነገር የሚተነፍሰው በየት ነው?” አልኩት።

“አንቺ ደግሞ፤ በአፍንጫው ነዋ!” ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ከኮርቻው ሥር ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። አየር የሚገባበት ቦታ በወፍራም የብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ሜዳ ላይ በመጠኑ ይተነፍስ ነበር፤ አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ታፈነ።

ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሳ፤ እስከ ተራራው አናትም ወጣ። ወደ ሃረና የሚወርደው መንገድ በጭጋጉ መሃል ሲታየን ባለቤቴ እንደ ልጅ ጮኸ።

“ሐጂ፣ አፍነው ሊገድሉት ነበር እኮ!” አላቸው ስንመለስ።

“ኧረ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው!” አሉ ደንግጠው። “ፈረስ ሳይለብስ ያድራል እንዴ?”

ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። “የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኔን እንኳ እንዲህ አልብሰውኝ አያውቁም!”

ሐጂ ራሳቸው ሳቁ፤ እዚያው መርቀው አስረከቡን።

ለቤንዚን ኩፖን፣ ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ማግኘት ሌላ ጣጣ ነበር። ቢሆንም ሞተሩ በኋላ አጋርፋም ጎሮም አድርሶናል። ከሁሉ አብልጬ የማስበው ግን ከሃረና በሞተሩ የመጣባትን የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ነው። ሳነቴ በደመና ተሸፍኖ ነበር፤ እኔም ከምሳ ጀምሮ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ በር ላይ ቆሜያለሁ። ድምፁን የሰማሁት ሞተሩ ገና ሳይታየኝ ነው።

እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ወረደ። እጁ ከመደንዘዙ የተነሳ የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት አቃተው።

“ነይ ፍቺልኝ” አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

አንድ በአንድ ፈታሁለት። ገና አልመሸም ነበር፤ ሙሉ እሁድ ደግሞ ከፊታችን ነበረ።