እህቴ የተገነዙበት ሸማ

ታላቅ እህቴ በቁማቸው እንቢ ባሉት፣ መድኃኒት በተረጨበት ጥጥ ተገንዘው ተቀበሩ። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

አንድ ልጃቸው ቆላ ወርዶ የጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ገና ገበያ ሄደው የሚፈትሉትን ጥጥ ሳያሸቱ አይገዙም ነበር።

«እማማ፣ ቅቤ መሰለዎት እንዴ?» ይላቸዋል ነጋዴው እየሳቀ።

«ልጄን የገደለ መድኃኒት የነካውን አልፈትልም!» ይሉታል። እሱም ገበሬ ሳይረጭ ያበቀለውን ፈልጎ ያመጣላቸው ነበር።

ዓይናቸው ሲደክም መፍተሉን ተዉት፤ እንዝርታቸው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ያረፉ ዕለት እዚያው ነጋዴ ዘንድ ሮጥኩ።

«ካልተረጨበት ጥጥ የተሠራ ሸማ ስጠኝ፤ ለእህቴ መገነዣ ነው» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ እሱን ማምጣት ከተውኩ ቆየሁ። ከእሳቸው በቀር የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።»