በፒንሳ የተጎተተው እሾህ

ፒንሳ የያዘ ሰው ሳይ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ አውቃለሁ። ጥፋቱ የያዘው ሰው ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የእኔ።

በደርግ ጊዜ ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሞተሩን ማስነሳት፣ ዘይቱን ማየት፣ የቱቦውን አፍ የሸፈነውን የሽቦ ወንፊት ከቆሻሻ ማጽዳት ሥራዬ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ መጻፍ ልማድ ሆነብኝ። በቆላ ደግሞ ከምንም በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው እሾህ ነው።

የበደኖ ዛፍ እሾህ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ በገባበት አቅጣጫ ከሳቡት ይወጣል። ቁርቁራ እሾሁን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያበቅላል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የታጠፈ። ቀንጣፋ የያዘው ሰው ወደ ፊት ከገፋ ልብሱም ቆዳውም ይቀደዳል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ይለቀዋል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጣው ሠራተኛ ይህን በሳምንት ውስጥ ይማራል። ሁሉም አንገቱ ላይ በክር ወረንጦ ያንጠለጥላል፤ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ዘርግቶ እሾሁን ይነቅላል።

በወንዙ ያለውን የአንድ ዓሣ እሾህ ግን ከደጋ የመጣ ሰው አያውቀውም። ሱዳኖች ገርጉር ይሉታል፤ እኛም ከእነሱ ወስደን እንደዚያው እንለዋለን። ቅርፊት የለውም። አንድ እሾህ በጀርባው፣ ሁለት ደግሞ ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ አሉት። ሲይዙት ሦስቱንም ያቆምና ከሥራቸው ይቆልፋቸዋል፤ ከሞተ በኋላ እንኳ በጉልበት አይታጠፉም። የጎኑ እሾህ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ በኋላው ጠርዝ ያሉት ጥርሶች ወደ ሥሩ የዞሩ ናቸው። ሲገባ ዝም ብሎ ይገባል፤ ሲወጣ ይነክሳል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ወንፊቱን ስስበው ሦስት ገርጉሮች በእሾሃቸው ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ወጡ። ሦስት የአረም ሠራተኞች ውሃ ሊቀዱ መጥተው ነበር። አንደኛው የወሎ ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። በማጭድ የሚስተካከለው አልነበረም። የደረሰ ሰሊጥ ሲያጭድ ፍሬ አያረግፍም፤ ይህን ያጨደ ያውቀዋል።

ገርጉር ከውሃ ሲወጣ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ይሄስ ካድሬ ነው!» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ። «ከውሃ ወጥቶም ንግግሩን አላቆመም።»

«ታዲያ አጨብጭብለታ!» አለ ሌላው።

አያ እየሳቀ አንዱን ዓሣ ከወንፊቱ ሊያላቅቅልኝ እጁን ሰደደ። «አትንካው!» ብዬ ጮህኩ፤ የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ዋጠው። እሾሁ በቀኝ እጁ አውራ ጣት ሥር ገባ። ደንግጦ እጁን ሲያራግፍ ዓሣው ተወዛወዘና የበለጠ አጠለቀው።

እጁን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ እሾሁን ከዓሣው ገላ በሽቦ መቁረጫ ቆረጥኩት። የጥፍር ርዝመት ያህል ውጭ ቀረ፤ ሌላው ሥጋው ውስጥ ነው።

«ንቀለዋ እንግዲህ» አለኝ።

«አይነቀልም፣ አያ። ሥጋው በምላጭ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። ከተማ፣ ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብህ።»

«ለእሾህ?»

«ጅማትህ እዚያው ሥር ነው።»

በዚያ ወቅት መንገዱ ዋልካ ጭቃ ነው፤ ከትራክተር በቀር የሚያልፈው መኪና የለም። እንዳጋጣሚ ትራክተሩ የዚያኑ ቀን ለአብዮት በዓል የመድረክ ጣውላ ይዞ ወደ ገንዳ ውሃ ሊሄድ ነበር። ወደሚጫንበት ሄድን። የእርሻው ኃላፊ ተሳቢው አጠገብ ቆሞ ያስጭናል።

«ጓድ፣ ይሄ ሰው ተወግቷል፤ ተሳቢው ላይ ይሳፈር» አልኩ።

እጁን አየው። «ለእሾህ ትራክተር? አገሩ በሞላ እሾህ አይደለም እንዴ! ነገ ደግሞ ትንኝ ነከሰን ብላችሁ አውሮፕላን ጠይቁ።»

ጣውላ የሚጭኑት ሳቁ። ኃላፊው ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ያን ፒንሳ አምጣ» አለ።

«ጓድ፣ በፒንሳ አይሆንም። ጥርሱ ወደ ኋላ የዞረ ነው።»

«እሾህ ጥርስ አለው? ቁርሱን ምን ይበላል?» እንደገና ተሳቀ። «አንተ ፓምፕህን ጠብቅ።»

እዚያ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ፒንሳውን ከእጁ መንጠቅ ነበረብኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አያ ደግሞ በሰው ፊት ስለ እሾህ መለመኑ አሳፈረው። «አብሽር፣ ይጎትቱት» አለኝና መዳፉን ዘረጋ።

ኃላፊው ጎተተ፤ አልወጣም። እግሩን የተሳቢው ጎማ ላይ አስደግፎ እንደገና ጎተተ። አያ አልጮኸም፤ ከንፈሩ ግን አመድ መሰለ።

«ይኸው!» አለ ኃላፊው ፒንሳውን ወደ ላይ አንስቶ። «ሐኪም ሲያስፈልጋችሁ ጥሩኝ።»

እሾሁን ተቀበልኩት። በጥርሶቹ መሐል ሥጋ አለ፤ ነጭ ክር የመሰለ ነገርም ተንጠልጥሏል። ጫፉን አየሁ። የገርጉር እሾህ ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ይሄኛው እንደተሰበረ ሸምበቆ ደንዝ ነበር።

«ጓድ፣ ጫፉ የለም። ውስጥ ቀርቷል።»

ፒንሳውን ለሹፌሩ መለሰለት። ትራክተሩ ተነሳ። ተሳቢው ላይ ጣውላ፣ ከበሮና የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ ነበር። በከበሮውና በጣውላው መካከል አንድ ሰው እግሩን አጥፎ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ያ ቦታ ባዶውን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ክርኑ ደረሰ። ሽንፋ መንደር ጨውና ሳሙና የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እጁን አይተው ምንም ሳይጠይቁ አህያቸውን ሰጡን። ዋልካው የአህያዋን እግር እየዋጠ መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀብን። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መዳፉን ከፍቶ ጫፉን አወጣው፤ የገብስ ፍሬ ቢያህል ነው።

«ማነው የጎተተው?» አለ።

አያ በደህና እጁ የፊቱን ላብ ጠረገ።

«ማንም ይሁን፣ ጅማቱንም አብሮ በጥሶታል። ጎንደር ሆስፒታል ቶሎ ከደረሰ ይሰፉት ይሆናል። ከዘገየ ግን ይህ አውራ ጣት ማጭድ አይጨብጥም።»

የመላኪያ ወረቀት ጻፈልን። በወረቀቱ በነጻ ለመታከም ግን እርሻው «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው» ብሎ ማኅተም ማድረግ ነበረበት።

ስንመለስ ኃላፊው ወረቀቱን አነበበና ስብሰባ ጠራ። ሠራተኛው ሁሉ መጋዘኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ጓዱ የተወጋው አረሙን ትቶ ዓሣ ሲነካካ ነው» አለ ኃላፊው። «ይሄ የሥራ ጉዳት ነው?»

«ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነው እኮ» አለ አያ።

«ውሃ በዓሣ ነው የሚቀዳው?»

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ቀጠለ፤ «ጉዳቱ በግል ጥፋት የደረሰ ነው የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ደብተሬ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ተዘጋጅቼ ነበር። ወንፊቱ የእርሻው ነው። ሰውየው የተወጋው እኔን በእርሻው ሥራ ሲያግዝ ነው። ጅማቱን የበጠሰው ፒንሳው ነው። ቃል በቃል አስታውሳቸዋለሁ፤ ማንም አልሰማቸውም እንጂ። ከአንድ ወር በፊት ከኃላፊው ጋር የተከራከረ ጎማ ጠጋኝ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዶ ነበር። የእኔም ዕድሜ ለዚያው የሚሆን ነው።

እጆች ወጡ። ወንዙ ዳር ስለ ካድሬው የቀለዱት ሁለቱም አወጡ። ኃላፊው ዙሪያውን አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ፓምፕ ጠባቂውስ?»

አወጣሁ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ብቻ ነው ያነሳሁት፤ እንደሱ ስላደረግሁ ግን የቀነሰ ነገር የለም። አያ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደሚያጽናና ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

በማግስቱ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ አገሩ ተነሳ። ያ ጣት ምን እንደሆነ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ድሬሰሩ ነግሮናል። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል። ስህተት የለበትም።