እኛ ቤት ያልታየው የመጨረሻ ክፍል

ያ የፈረንጆች ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን ፒያሳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ "እንዲህ ያለ ፊልም ታይቶ አይታወቅም" የሚልና "ዝም ብሎ ነው የተጋነነው" የሚል። ክርክሩ ኬክ ቤት ይጀመራል፣ ታክሲ ውስጥ ይቀጥላል፣ ቢሮ ሲደርስ ይጦፋል። እኔ የጽሕፈት መኪናዬን እየመታሁ ከሁለቱም ወገን እሟገት ነበር፤ ጠዋት ያወደስኩትን ከሰዓት በኋላ አጣጥለዋለሁ። እንደ ልቤ የምገለባበጠው ለምን መሰላችሁ? ፊልሙን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጴንጤ ልጅ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ከጊዮርጊስ ጀርባ አንድ መምህር ቤት እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። መምህሩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ተከታትሎ አንድ ግቢ ሲገባ ቀበሌ "ምንድን ነው?" ይላል። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ግን ጎረቤት ቢጎርፍ ማንም አይገረምም። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ፊልሙ ይጮሃል፣ እኛ ጓዳ ዘግተን በሹክሹክታ እንጸልያለን። መዝሙር ሲሆን ከንፈራችን ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሳሎን ቁጭ ብለው ፊልሙን ከምር የሚያዩት እትዬ የምንላቸው ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ላይ ልብስ ይሰፋሉ፤ ጠዋት የጊዮርጊስን በር ሳይስሙ ሥራ የማይጀምሩ ኦርቶዶክስ ናቸው። ጓዳ ውስጥ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ። "እናንተም ለራሳችሁ፣ እኔም ለራሴ ነው የመጣሁት" ይሉ ነበር። ፊልም ላይ ሆነው ሰው ማስነጠሱን እንኳን አይወዱም፤ አንዴ የጋሼ ባለቤት ሻይ ላምጣ ቢሏቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በእጃቸው አባረሯቸው። ሲያልቅ ጓዳ ብቅ ይሉና የሆነውን ሁሉ ይነግሩናል፣ ሰው ቢጠይቀን አፋችን እንዳይያዝ። እንግሊዝኛ አያውቁም። ታሪኩን የሚያውቁት ከተዋናዮቹ ፊት ነው፤ እኛም የእሳቸውን ይዘን ሳምንቱን ሙሉ ፒያሳን እንሞግታለን።

የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቅዳሜ ደረሰ። ከተማው በሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ ልጅቷ የሀብታሙን ባሏን ቤት ጥላ ትወጣለች ወይስ ትቀራለች? እትዬ የስፌት ቤታቸውን በጊዜ ዘግተው፣ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። "ዛሬ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትጠሩኝ" አሉን። ለቴሌቪዥን ነጠላ ሲቀየር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጸሎቱን ጀምረን ብዙም ሳንቆይ የጋሼ ባለቤት የጓዳውን በር ገፋ አድርገው "ቀበሌ!" አሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሼ ቀድመው ወጥተው የመጣውን ሰው የውጭው በር ላይ በሰላምታ ብዛት ሲያቆዩት፣ መጽሐፍ ቅዱሶቻችንን ፍራሽ ስር ከትተን ሳሎን ወጥተን ተደረደርን። የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። እዚያው ጊዮርጊስ ያደገ ልጅ ነው። አጣራ ተብሎ ይሁን ወይስ የቀበሌው ቴሌቪዥን ተበላሽቶበት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"የቡርዧውን ብስባሽ ኑሮ ለማጥናት ያህል ነው" አለ ወንበር እየሳበ። በጥናቱ አንድም ክፍል እንዳላመለጠው ከአቀማመጡ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ስጸልይ አልቅሼ ስለነበር ዓይኔ በርበሬ መስሏል።

"አንቺ ምን ሆነሽ ነው?"

"ፊልሙ ነው" አልኩት። "ልጅቷ አንጀቴን በላችው። አባቷ እንዲያ ሲጨክንባት..."

"የቱ አባቷ?"

"ባለ ሪዙ ሽማግሌ።"

ብድግ አለ። "እሱ እኮ ጠበቃዋ ነው! አባቷማ ገና ሲጀመር ሞቷል!"

እትዬ ናቸው ለወራት "አባቷ" ሲሉን የከረሙት። ልጁ አንድ በአንድ አየን፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ጋሼ በዚሁ በጸሎት ሰበብ አንዴ ታስረው ወጥተዋል፤ ሲራመዱ የሚያነክሱት ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛውን እንደማይችሉት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይሄኔ እትዬ ተነሱ። ሄደው ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

"ይኸው! ይሄን ሁሉ ወር አይተነው አባት ይሁን ጠበቃ ካልለየ ምኑ ነው ፊልም? ዝም ብሎ ነው የተጋነነው!"

"ኧረ እትዬ! እርስዎ ደግሞ! ይሄን የሚያህል ፊልም?"

"አንተ ልጅ፣ አትሞኝ። ስልካቸውን ብትነጥቃቸው ያልቃል እኮ! ሲነሱ ስልክ፣ ሲቀመጡ ስልክ። ያቺስ ብትሆን አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ አይተሃታል? ምን ቸግሯት ነው የምታለቅሰው?"

"ጭቆና ነዋ! የመደብ ጭቆና!"

"ባለ ፎቅ ተጨቋኝ አሁን ገና ሰማሁ!"

ልጁ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ በጣቱ እየቆጠረ ማስረዳት ጀመረ። እኛም ገባንበት። ጋሼ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ጣታቸውን ቀስረው ለፊልሙ ጠበቃ ቆሙ፣ ባለቤታቸው ተቃወሟቸው፣ እኔ አላዋቂነቴን ረስቼ "መብራቱ ራሱ ጨለማ ነው" አልኩ፣ አንዱ ሳቀብኝ። ለወራት ድምፅ አውጥተን ያልዘመርን ሰዎች እስኪበቃን ጮኽን። ደስ አለኝ፣ በፍርሃት መሐል እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከእትዬ ጀርባ ሙዚቃው ከፍ አለ። ልጅቷ በር ፊት ቆማለች። አንገታቸው ሊዞር ሲል አየሁት። መልሰው አቀኑትና ከፊተኛው ይበልጥ ጮኹ፤ "እሺ፣ ንገረኛ! ምኑ ነው ጥበቡ?" ልጁም ቴሌቪዥኑን ረስቶ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይነግራቸው ጀመር፤ የእኛም ዓይን እሱ ላይ ቀረ።

የመዝጊያው ሙዚቃ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "አለቀ እንዴ? ወጣች? ቀረች?" ማንም አላየም። ጠመንጃውን አንስቶ "እናንተ ሰዎች ፊልም ማየት አታውቁም! ሁለተኛ እዚህ ቤት ብመጣ!" ብሎ ወጣ። ቃሉንም ጠበቀ።

እኛ እርምጃው እስኪርቅ አፋችንን አፍነን፣ ከዚያ መሬት ላይ እየተንከባለልን ሳቅን። እትዬ አልሳቁም። ዜና በጀመረው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ፊልም ተደግሞ የሚታይበት ዘመን አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ማኪያቶዬ ሳይቀርብልኝ መጨረሻውን ሰማሁ። "ተጋነነ" ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ እጅ ሰጥተዋል። አንድ ቃል ሳትናገር በሩን ከፍታ ወጣች አሉ፤ ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ሰውዬ ሲያወራው እንኳን ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ከቅዳሜ ማታ ጀምረው ሰው ስለ ፊልሙ አፉን በከፈተ ቁጥር "ተወኝ" ሲሉ ነው የሰነበቱት። እኔን ሲያዩ ግን የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

"እህ? እንዴት ነበር አሉ?"

"ኧረ ይተዉት እትዬ" አልኩ ወደ ጨርቁ እያየሁ። "እውነትም ዝም ብሎ የተጋነነ ነው። ምንም አላመለጠዎትም።"

ሳቃቸው መጣ። "እናንተ ደግሞ መዋሸት እንኳን አትችሉበትም" አሉኝ፣ በርጩማ እየሳቡልኝ። "በይ ተቀመጪ። ወጣች?"