ዜሊግ ለአባባ ኖኸም የሠራው ዳስ

ዜሊግ መስኮት ገጣሚው በማስተሰረያ ቀን ሲያለቅስ ጉድ ነው። ምኩራብ ውስጥ ከጎኑ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ ትከሻዬ በእንባው ይበሰብሳል። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነኝ! የታመመ እጠይቃለሁ፣ የተራበ አበላለሁ!» ይላል ደረቱን እየደቃ። ደግሞ ከልቡ ነው፤ ውሸታም አይደለም። ጾሙ ተፈትቶ ሾርባ አፉ ሲገባ ግን ያ ሌላው ሰውዬ ብን ይላል፤ ያው የምናውቀው ዜሊግ ቁጭ ብሎ ዳቦ ያጠቅሳል።

በዚያ ዓመት የተሳለው ለጎረቤቱ ለአባባ ኖኸም ነበር። ሽማግሌው ሚስታቸው ሞታ፣ እግራቸው ከድቷቸው ከግቢያቸው አይወጡም። በዳስ በዓል ከተማው ሁሉ ቅጠል በለበሰ ዳስ ሥር ተሰብስቦ ሲበላ፣ እሳቸው ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይበላሉ። አንጀታቸውን የሚያሳርራቸው ይኼ ነው። ዜሊግ ትዝ አሉትና «ዳስ እሠራላቸዋለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ምኩራቡ በሙሉ ሰማ።

ሚስቱ ድቮሻም ከሴቶቹ በኩል ሰምታ ኖሯል። መሽቶ ጾሙ ሲያበቃ መዶሻ ይዛ በር ላይ ቆማለች። በእኛ ዘንድ በዚያች ምሽት ለዳስ አንዲት ሚስማር መምታት ወግ ነው፤ ሰው ሁሉ አንዷን ጠቅ አድርጎ ወደ ማዕዱ ይሮጣል።

«እኔም አንዷን ልምታና ልብላ» አላት ዜሊግ።

«የጮህከው ስለ አንዲት ሚስማር ነው እንዴ?»

«ድቮሻዬ፣ በረሃብ ልሞት እኮ ነው!»

«ዳሱን ጨርስና ሙት። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።»

ምን ያድርግ! በጨለማ፣ በባዶ ሆዱ፣ እየተራገመ አባባ ኖኸም ግቢ ውስጥ ዳሱን አቆመው። እኔንም ሳንቃ አስይዞ አብሮ አስራበኝ፤ የእኔ ጥፋት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እስከ በዓሉ ዋዜማ አላፊ አግዳሚው ሲያደንቅለት፣ ዜሊግ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

በዋዜማው ረቢያችን ሊያዩት መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ቀና አሉ፣ ጢማቸውን ያዙ።

«ዜሊግ፣ ከዳሱ በላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የአባባ ኖኸም የፖም ዛፍ ነው፣ ረቢ።»

«ዛፍ ሥር የተሠራ ዳስ ዳስ አይባልም። ከቅጠሉ በላይ ሰማይ ነው መኖር ያለበት።»

«እንቁረጠዋ!»

«የሚያፈራ ዛፍ? አፍህን ያዝ!»

አቤት ማፈራችን! ያን ሁሉ ቀን ቀና ብሎ ያየ አንድ ሰው የለም። አባባ ኖኸም የክት ካፖርታቸውን ለብሰው በመስኮት ይሰማሉ። «ግድ የለም ልጄ፣ ማሰብህ ይበቃል» አሉት በቀስታ።

ዜሊግ ዕድሜውን ሙሉ ሲባል የኖረው ይኸው ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አይበቃም!» ብሎ ጮኸና ዳሱ ውስጥ ገብቶ «ኑ፣ አንሡ!» አለን።

አነሣነው። ግቢው ሁሉ ዛፍ ስለሆነ አጥሩን ነቅለን ወደ መንገዱ አወጣነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ከወዲህና ከወዲያ ባለው አጥር መሀል ተቀረቀረ። ገፋነው፣ ጎተትነው፣ ወይ ፍንክች! ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፤ በዓል ከገባ ሥራ የለም።

«እንግዲህ ሰው በየት ይለፍ?» አልኩ ተናድጄ።

«በውስጡ ነዋ!» አለች ድቮሻ። ቶሎ ብለን ከኋላ ሁለተኛ በር ቀደድንለት፤ አባባ ኖኸምንም ከነወንበራቸው ተሸክመን አስገባናቸው።

በዚያ ምሽት ከምኩራብ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በአባባ ኖኸም ገበታ በኩል ወደ ቤቱ የሚያልፍ ሆነ። እሳቸውም ማንንም እንዲሁ አላሳለፉም። «ቁጭ በል! ባርክ! ከዓሣው ቅመስ!» እያሉ እየሳቁ ያዝዛሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር፤ ምን ልደብቅ፣ እኔም አለቀስኩ።

በዓሉ አልቆ ዜሊግ ሊያፈርሰው ሲመጣ፣ ሽማግሌው ወንበራቸውን በሩ ላይ ደቅነው ጠበቁት።

«አባባ፣ በዓሉ እኮ አለቀ።»

«አውቃለሁ። ገና ያላለፈ ሰው አለ፤ ዞር በል።»